የሱፍ ኳስ ለልብስ ማድረቂያ ማሽን፦ ክር ከመምረጥ እስከ ጥገና

አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ካልሲ አብረው ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሲገቡ የሚሆነው ይታወቃል። አንሶላው ሌሎቹን ውጦ ይጠቀለላል። ማሽኑ ሲቆም ውጪው እጅ የሚያቃጥል ደረቅ ነው፤ ሲፈታ ግን መሃሉ እርጥብ ነው፣ ካልሲውም እንደገባ ወጥቷል። ከዚያ ሌላ ሠላሳ ደቂቃ ማዞር ይመጣል፤ መብራት ይቆጥራል፣ ልብሱም ያለ ዕድሜው ያረጃል። የሱፍ ኳስ የተፈለገው ለዚህ ነው። ከሱፍ ክር የተጠነጠነ፣ ታጥቦ የጠጠረ፣ የቴኒስ ኳስ የሚያህል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት ከእርጥቡ ልብስ ጋር ይጣላሉ።

ቤት ውስጥ መሥራቱ ከባድ አይደለም። ሆኖም ብዙ ሰው ጀምሮት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የተተረተረ የክር ክምር ይዞ ይቀራል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ሳይሆን የክር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ክሩ ብዙ እንላለን፣ ስለ አጠነጣጠኑ ጥቂት።

ኳሱ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ልብስ የሚደርቀው ሞቃት አየር በጨርቁ መካከል ሲያልፍ ነው። ከበሮው ሲዞር ልብሱን ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣውና ይለቀዋል። ልብሱ ተበታትኖ ከወደቀ አየሩ ሁሉንም ያገኘዋል፤ ተድቦልቡሎ ከወደቀ የሚያገኘው ውጪውን ብቻ ነው። ኳሶቹ በልብሶቹ መሃል እየገቡ ይለያዩአቸዋል፣ እየመቱም ጨርቁን ያላሉታል። ሥራቸው ይኸው ነው።

«ሱፍ ውሃ ይመጥጣል፣ በዚያ ነው ልብሱን የሚያደርቀው» የሚለው አባባል በየማሸጊያው ላይ ይገኛል። ሱፍ ውሃ መምጠጡ እውነት ነው፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እርጥበት ሊይዝ ይችላል። ሒሳቡ ግን አያስኬድም። አንድ ኳስ 45 ግራም ቢመዝን ስድስቱ 270 ግራም ናቸው፤ ሁሉም ቢጠግቡ የሚይዙት 80 ግራም ገደማ ነው። ደረቅ ክብደቱ 4 ኪሎ የሆነ የጥጥ ልብስ በደቂቃ 1000 ዙር ተጨምቆ ሲወጣ ከ2 ኪሎ በላይ ውሃ ተሸክሞ ነው። ከዚያ ውስጥ 80 ግራም ኢምንት ነው። ጊዜ ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ኳስ ከመሥራቱ በፊት የልብስ ማጠቢያውን የመጭመቂያ ፍጥነት ከፍ ያድርግ፤ 800 የነበረውን 1200 ወይም 1400 ማድረግ ስድስት ኳስ ከሚያተርፈው ጊዜ የበለጠ ያተርፋል። ውሃን በመጭመቅ ማውጣት በሙቀት ከማውጣት እጅግ ይረክሳል።

ኳሱ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው በአንሶላ፣ በፎጣ፣ በብርድ ልብስና በላባ ወይም በፖሊስተር በተሞላ ጃኬት ላይ ነው። ጥቂት ሸሚዝና የውስጥ ልብስ ብቻ ሲገባ ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ልብስ ከማሽን ሲወጣ የሚንጫጫውና እርስ በርሱ የሚጣበቀው፣ ስታቲክ የሚባለው ነገር፣ ሌላው የተጋነነ ተስፋ ነው። ስታቲክ የሚመጣው ፖሊስተርና ናይለን ከሌላ ጨርቅ ጋር እየተፋተጉ ከልክ በላይ ሲደርቁ ነው። ኳሱ ጥቂት ሊቀንሰው ይችላል፣ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ሰው ሠራሹን ጨርቅ ከጥጡ ለይቶ ማድረቅና ትንሽ እርጥበት እያለው ማውጣት ነው። አንዳንዶች ኳሱ ላይ መርፌ ቁልፍ ይሰኩበታል። መርፌው ተከፍቶ ሹራብ ሲቀድ ግን ትርፉ ኪሳራ ይሆናል።

የድራየር ወረቀት፣ ማለትም ከልብሱ ጋር ማድረቂያ ውስጥ የሚጣል ማለስለሻ የተቀባ ወረቀት፣ የሚጠቀም ሰው ኳሱን በእሱ ምትክ ሊይዘው ይችላል። ወረቀቱ ሲሞቅ ጨርቁ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ይተዋል፤ ልብሱን የሚያለሰልሰውና ስታቲክ የሚያስቀረው ያ ሽፋን ነው። ያው ሽፋን ግን ፎጣ ውሃ እንዳይመጥጥ ያደርጋል፣ እሳት እንዲቋቋም የተሠራን የልጆች የሌሊት ልብስ መከላከያ ያዳክማል፣ በማሽኑ የብናኝ ማጣሪያና እርጥበት በሚለኩት ሁለት የብረት ዘንጎች ላይም ይለጠፋል። ማሽኑ ልብሱ ሳይደርቅ «ጨርሻለሁ» እያለ የሚቆም ከሆነ፣ ሠራተኛ ከመጥራትዎ በፊት እነዚያን ዘንጎች አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ።

ክሩ፦ ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው

የሱፍ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የቅርፊቶቹ አፍ ወደ ፀጉሩ ጫፍ ያዘነበለ ስለሆነ ፀጉሩ ወደ ሥሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ሊመለስ ሲል ግን ቅርፊቱ ይይዘዋል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ፀጉሩን ያለሰልሱታል፣ ቅርፊቱንም ይከፍቱታል። በዚያ ላይ መሻሸት ሲጨመር ፀጉሮቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄዱ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። ሹራብ በስህተት በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሕፃን ሹራብ አክሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደኋላም አይመለስም። እኛ እዚህ ያንኑ ጥፋት ሆን ብለን እንሠራዋለን። የሚገኘው የጠጠረ ሱፍ በእጅ ሥራ ገበያ ፌልት ይባላል።

አክሪሊክ፣ ፖሊስተርና ጥጥ ይህ ቅርፊት የላቸውም፤ ቢታጠቡ፣ ቢቀቀሉም አይጠጥሩም። ተንኮለኛው ግን ሱፐርዎሽ የሚባለው ሱፍ ነው። መለያው ላይ 100 በመቶ ሱፍ ተብሎ ተጽፎበታል፣ እውነትም ሱፍ ነው። ነገር ግን ማሽን ውስጥ እንዲታጠብ ሲባል ቅርፊቱ በክሎሪን ተበልቶ፣ ላዩ ደግሞ በስስ ፕላስቲክ ነክ ሽፋን ተለብጧል። ይህ ክር ለሹራብ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን ከአክሪሊክ አይሻልም። መለያው ላይ «ሱፐርዎሽ» ወይም «በማሽን የሚታጠብ» የሚል ካለ ይመልሱት። ሱፉ ከ80 በመቶ ያነሰበት ቅልቅልም አያስተማምንም።

አሜሪካ ላሉ፣ ላየን ብራንድ የሚያወጣው ፊሸርመንስ ዉል የተባለው ክር ያልታከመ ንጹሕ ሱፍ ነው። ጥቅሉ 227 ግራም፣ ርዝመቱ 425 ሜትር ስለሆነ አራት ትልልቅ ወይም አምስት መካከለኛ ኳስ ይወጣዋል። ፓተንስ ክላሲክ ዉል ዎርስትድም ይሆናል፤ 100 ግራሙ ጥቅል ሁለት ኳስ ያወጣል። ከዚያው ድርጅት ስሙ ተመሳሳይ የሆነ የሱፐርዎሽ ዓይነት ስላለ መለያው በደንብ ይነበብ።

አዲስ ክር መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ከሰልባጅ ተራ የተገዛ አሮጌ የሱፍ ሹራብ ተተርትሮ ጥሩ ክር ይሆናል። የአውሮፓ ልብስ ብዙ ጊዜ በሌላ ቋንቋ ስለሚጻፍበት ፈረንሳይኛው ሌን፣ ጀርመንኛው ቮለ፣ ጣሊያንኛውና ስፓኒሹ ላና ሱፍ ማለት እንደሆኑ ይያዙ። ሹራቡ ከዚህ ቀደም ተበላሽቶ የጠጠረ ከሆነ አይተረተርም፤ እሱን በሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት እንደ ጥብጣብ እየቆረጡ ለኳሱ መሃል ያድርጉት።

መለያው ከጠፋ ሦስት ፈተና አለ። አንደኛው እሳት ነው። የክሩን ጫፍ በፒንሳ ይዘው ሲለኩሱት ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ሁለተኛው በረኪና ነው። አንድ ጣት የምታህል ክር በትንሽ በረኪና ውስጥ ያሳድሩ። ሱፍ እስከ ጠዋት ይሟሟል፤ የሚቀረው ነገር ካለ ያ ሌላ ቅልቅል ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ሱፍ መሆኑን እንጂ ሱፐርዎሽ አለመሆኑን አይነግሩም። ለዚያ ሦስተኛው ፈተና አለ። ክሩን በመቀስ ሳይቆርጡ በእጅ ይበጥሱት፣ ሁለቱን የተበጠሱ ጫፎች በሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ያደራርቡ፣ ውሃ ወይም ምራቅ ያስነኳቸውና በሁለት መዳፍ መሃል ለ20 ሰከንድ በኃይል ይሹ። መዳፍ ሞቅ ሲል ጫፎቹ ተያይዘው አንድ ክር ከሆኑና ሲጎትቷቸው ካልተላቀቁ ኳሱ ይጠጥራል። እየተንሸራተቱ ከተለያዩ ያንን ክር ለሌላ ሥራ ያስቀምጡት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያደርግ ሰው ይህንን ያድርግ።

የቀለም ነገርም አለ። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር በሙቅ ውሃ ቀለሙን ይለቃል። ነጭ ልብስ የሚያበዛ ቤት ያልተነከረ ክር ቢጠቀም ይመረጣል። የተነከረ ከሆነ ኳሱ ካለቀ በኋላ በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ ጠዋት ጨርቁ ካልተነካ ችግር የለውም።

ማጠንጠን

ኳሱ በሁለት ዙር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ትንሽ እምብርት ተጠንጥኖ ይጠጥራል፣ ከዚያ በላዩ ሁለተኛው ሽፋን ይጠነጠናል። በአንድ ዙር ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ሙቀቱና መሻሸቱ እስከ መሃል ስለማይደርስ ውጪው ጠጥሮ ውስጡ ልል ይቀራል።

ክሩን በሁለት ጣት ላይ አሥር ጊዜ ያዙሩ፣ ያውጡት፣ ወገቡን በዚያው ክር አሥር ጊዜ ያስሩት፤ የቢራቢሮ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ እጥፍ አድርገው እንደ ልቃቂት ማጠንጠን ይጀምሩ። በአንድ አቅጣጫ ከአምስት ስድስት ዙር በላይ አይሂዱ፤ ኳሱን ሩብ ዙር አዙረው ይቀጥሉ። በአንድ በኩል ብቻ የተጠነጠነ እንቁላል ይሆናል፣ ሲታጠብም እንቁላልነቱ ይብሳል። ክሩን ጠበቅ ያድርጉት እንጂ እስኪለጠጥ አይሳቡት። በጣም ከተወጠረ ፀጉሮቹ ለመንቀሳቀስ ቦታ ያጣሉ፤ በጣም ከላላ ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ንብርብሩ ይንሸራተታል።

እምብርቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲይዝ፣ ማለትም 15 ግራም ያህል ክር ሲገባበት፣ ክሩን ቆርጠው ጫፉን በኪሮሽ መርፌ ወይም በትልቅ መርፌ ሦስት አራት ጊዜ ከጎን ወደ ጎን ያሳልፉት። ቋጠሮ አያስፈልግም፤ ቋጠሮ ላዩ ላይ ጠጥሮ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። የእምብርቱን ክር ለመቆጠብ ብሎ አሮጌ ካልሲ ወይም የአክሪሊክ ትርፍራፊ መሃል ላይ መክተት የተለመደ ነው። አይመከርም። ሱፉ ሲኮማተር ባዕዱ ነገር አብሮት ስለማይኮማተር መሃሉ ልቅ ይሆናል፤ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ውሃ ይዞ ይቆይና ይሸታል።

ማጠጠር

የረጅም ስቶኪንግ እግር ያዘጋጁ፤ ሽመናው ጠበቅ ያለ ቢሆን ይሻላል። ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ከትተው በየመሃላቸው በጥጥ ወይም በአክሪሊክ ክር ጥብቅ አድርገው ይሰሩ። በሱፍ ክር ከታሰረ ማሰሪያውም አብሮ ይጠጥርና ለመፍታት መቀስ ይፈልጋል።

በልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከሁለት ሦስት አሮጌ ጂንስ ሱሪ ጋር ይክተቱት። ኳሶቹ ብቻቸውን ከገቡ የሚሻሻቸው ነገር የለም። ፎጣ ደግሞ ብናኙን በስቶኪንጉ ቀዳዳ አሳልፎ ኳሱ ላይ ይተክለዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃል። ማለስለሻም፣ ለሱፍ ተብሎ የሚሸጥ ለስላሳ ሳሙናም አይግባ፤ ሁለቱም የተሠሩት ሱፍ እንዳይጠጥር ነው። በረኪና ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ሱፉን ራሱን ይበላዋል።

ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። የአውሮፓ ማሽኖች ውሃውን ራሳቸው ስለሚያሞቁ ይህን ያገኛሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ማሽኖች የሚቀበሉት የቤቱን ሙቅ ውሃ ነው፤ ማሞቂያው 49 ዲግሪ ላይ ከተደረገና ማሽኑ ቀዝቃዛ ከቀላቀለበት «ሆት» የተባለው ዙር ለብ ያለ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሳኒታይዝ የሚል ዙር ካለው እሱን ይምረጡ፤ ከሌለው አንድ ሁለት ዙር ተጨማሪ ይጠብቁ። ማለቅለቂያው ቀዝቃዛ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከዚያ ስቶኪንጉን ሳይፈቱ በማድረቂያው ከፍተኛ ሙቀት ያድርቁት። ይህን ማጠብና ማድረቅ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይደጋግሙ። በየዙሩ መሃል ስቶኪንጉን ገለጥ አድርገው ይዩት። የሱፉ ፀጉር በናይለኑ ቀዳዳዎች አልፎ ስለሚወጣ ሳይታይ ለአራት ዙር የተተወ ኳስ ከስቶኪንጉ ጋር ይሰፋል። መጣበቅ ከጀመረ ቀስ ብለው እንደ ልጣጭ ላጡት፣ በአዲስ ይቀይሩት።

መጠጠሩን የሚያሳውቀው ጥፍር ነው። ላዩን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት የክሩ መስመር እየታየም ቢሆን ነጠላ ክር ተነስቶ ካልወጣ ዝግጁ ነው። አንድ ክር እንኳ ከፍ ካለ ሌላ ዙር ይጨመር፤ ያቺ ክር ናት ከወር በኋላ ልብስ ውስጥ ገብታ ኳሱን የምትተረትረው።

እምብርቱ ሲያልቅ በላዩ 30 ግራም ያህል ክር አጠንጥነው ስፋቱን 9 ሴንቲ ሜትር ያድርሱትና ያንኑ ሥርዓት ይድገሙ። ሲያልቅ ወደ 7 ወይም 7.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ክብደቱ ከ40 እስከ 50 ግራም ይሆናል። ከዚህ ያነሰው የትራስ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ አንሶላ የሚለያይበት ጉልበትም የለውም።

ማሽን የሌለው ሰው በእጁ ሊሠራው ይችላል። እጅ የሚችለውን ያህል ትኩስ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና በሳፋ ያዘጋጁ፣ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። ኳሱን መጀመሪያ እንቁላል እንደያዙ ያህል በቀስታ በመዳፍ ያዙሩት፤ ላዩ መያያዝ ሲጀምር ኃይል ይጨምሩ። በየአምስት ደቂቃው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ወደ ትኩሱ ይመልሱ። ለአንድ ኳስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ድስት ውስጥ ብቻውን መቀቀል የሚመክሩ አሉ፤ መሻሸት ከሌለ መፍላቱ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ሲበላሽ

ሙሉ በሙሉ የተተረተረ ኳስ ክሩ ሱፐርዎሽ ወይም ቅልቅል ነበር ማለት ነው፤ አጠነጣጠን ይህን ያህል አያጠፋም። ላዩ ጠንክሮ ሲጨመቅ ውስጡ ስፖንጅ የሚመስለው በአንድ ዙር የተሠራ ነው፤ ሁለት ዙር እጥበት ቢጨመርለት ይሻሻላል። እንቁላል የሆነው እርጥብ ሳለ በመዳፍ መሃል ተንከባሎ ትንሽ ሊስተካከል ይችላል፤ ከደረቀ ግን የማያገላብጡት ቅርጽ ነው፣ ሥራውን ግን አይከለክለውም። የሚሸት ኳስ መሃሉ አልደረቀም። በእጅ ሲመዝኑት ከሌሎቹ ይከብዳል። ብቻውን ለአንድ ሰዓት በሙቀት ያዙሩት ወይም ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ያስቀምጡት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጉንጉን ያለ ፀጉር ግን ብልሽት አይደለም፤ በመቀስ መላጨት ነው።

ከበግ ጀርባ ለሚጀምር

ሱፉን ከሸለቱት ላይ ለሚያገኝ ሰው ክር መፍተል ሳያስፈልገው ኳስ መሥራት ይቻላል። ሆኖም የኢትዮጵያ በግ ሁሉ ሱፍ የለውም። የአፋር፣ ጥቁር ራሱ የሶማሌ በግ፣ የቦንጋና የሆሮ በግ የያዙት አጭር ፀጉር ነው፣ አይጠጥርም። ባና እና ዝተት የሚሠራበት ሱፍ የሚገኘው እንደ መንዝ በግ ካሉት የደጋ በጎች ነው። የመንዝ ሱፍ ሸካራና ከደረቅ ፀጉር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ እንደ ሜሪኖ በግ ለስላሳ ሱፍ ቶሎ አይጠጥርም። ረጃጅሙን ደረቅ ፀጉር እየነቀሉ ለስላሳውን ከሥሩ ከለዩት ግን ይሠራል፤ እጥበቱ አንድ ሁለት ዙር ይበዛል እንጂ። ለልብስ የሚጎረብጠው ሸካራነት እዚህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ኳሱን ያጠነክረዋል።

ጥሬ ሱፍ ላኖሊን የተባለ ቅባት አለው። ይህ ቅባት በ40 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሱፉ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃና በሳህን ማጠቢያ ሳሙና ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ሱፉ ካልወጣ ቅባቱ ተመልሶ ይለጠፍበታል። በዚህ ጊዜ ማሸት የለም፤ ከታሸ እዚያው ሳፋው ውስጥ ይጠጥራል። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ሦስት አራት ጊዜ ተቀይሮ፣ ደርቆ፣ በእጅ ወይም በማበጠሪያ ተፈልቅቆ፣ በስስ በስሱ በአግድምና በቁመት እየተነባበረ ይድቦለቦላል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ክሩ ነው።

አጠቃቀም፣ በተለይ ለጋቢ

ለትንሽ ጭነት 3፣ ለመካከለኛ 4 ወይም 5፣ ለአንሶላና ለብርድ ልብስ 6 ኳስ ይበቃል። ከበሮው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሞላ ኳሶቹ መንቀሳቀሻ ስለማያገኙ ቁጥራቸውን ማብዛት አይረዳም። በአውሮፓ የተለመዱት ሂት ፓምፕ ማድረቂያዎች በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ስለሚሠሩ መጠቅለሉ እዚያ ይብሳል፤ ኳሱ እዚያም ይጠቅማል።

ፀሐይ ለማይወጣበት አገር ክረምት ጋቢን ማድረቅ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አራት እጥፍ የሆነ የእጅ ሽመና ጥጥ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ በከበሮ ውስጥ ደግሞ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። በደንብ ተጨምቆ፣ ተራግፎ፣ ብቻውን ከስድስት ኳስ ጋር በዝቅተኛ ሙቀት ይግባ። በየ20 ደቂቃው አውጥቶ መፍታትና ገልብጦ መመለስ ያስፈልጋል፤ ኳሱ ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። የዳሩ ዘርፍ እንዳይተበተብ አስቀድሞ በየጥቂቱ በጥጥ ክር ላላ አድርጎ ማሰር ይጠቅማል። ጥቂት እርጥበት እያለው አውጥቶ በጥላ ዘርግቶ መጨረስ ነው፤ እስከ መጨረሻው በሙቀት የደረቀ ጋቢ ይኮማተራል፣ ይሻክራልም። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ግን ከኳስ ጋርም ያለ ኳስም ማድረቂያ ውስጥ አይግቡ። ሽመናቸው ስስ ነው፤ በጥለቱ ውስጥ ያለው የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክርም በሙቀት ይጨማደዳል።

ኳሱ ላይ የሽቶ ዘይት ጠብ ማድረግን የሚመክር ብዙ ነው። እኛ አንመክርም። ዘይት የነካው ሱፍና ጥጥ በከፍተኛ ሙቀት ከቆየ በኋላ ተከምሮ ሲቀመጥ ራሱን እያሞቀ ሊቀጣጠል ይችላል፤ የማድረቂያ አምራቾች ዘይት የነካው ልብስ እንዳይገባ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ፀጉር ቅቤ የተቀባ ሰው የተኛበት የትራስ ልብስና ሻሽም ቅቤው በሙቅ ውሃና ሳሙና ሙልጭ ብሎ ሳይወጣ ማድረቂያ ውስጥ መግባት የለበትም። ሽታ የሚወድ ሰው የደረቀውን ልብስ በእጣን ያጥነው፤ የቆየ ዘዴ ነው፣ ማሽኑንም አይነካም።

አዲስ የሱፍ ኳስ ብናኝ ይጨምራልና የብናኝ ማጣሪያው በየጭነቱ መጠረግ አለበት። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በመኖሪያ ቤቶች በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ የማድረቂያ ማሽን ቃጠሎ እንደነበረ ይገምታል፤ ቀዳሚው ምክንያት፣ 34 በመቶው፣ ማሽኑን አለማጽዳት ነው። ከማሽኑ ጀርባ ያለው የአየር ማስወጫ ቱቦም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተነቅሎ ይጠረግ። ልብስ በድንገት ረጅም ጊዜ መውሰድ ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ቱቦ ነው፣ ኳሱ አይደለም።

ኳሶቹ በሥራ ላይ ሳሉ ማጠራቀሚያ አያስፈልጋቸውም፣ ከበሮው ውስጥ ቢተዉ ችግር የለውም። ለወራት የሚቀመጡ ከሆነ ግን ብል ይበላቸዋል፤ የብል ትል የሚኖረው በሱፍና በፀጉር ውስጥ ባለው ኬራቲን በተባለው ፕሮቲን ላይ ነው። በደንብ ደርቀው በተዘጋ ፕላስቲክ ይቀመጡ። የተበላ ከታየ በከረጢት አድርጎ በፍሪዘር አንድ ሳምንት ማቆየት ትሉን ይገድለዋል። በሥራ ብዛት የተመናመነ ኳስ አይጣልም፦ 20 ግራም አዲስ ክር በላዩ ይጠነጠንና ሁለት ዙር በሙቅ ውሃ ይታጠባል።